የመሪጌታ ቢሰውር ግብረ ሕማማት

እማሆይ አመተ ሥላሴ በየዓመቱ ሆሳዕና ሲቃረብ ወደ ጎጣቸው ሚካኤል ይወጡና ግብረ ሕማማቱን ደጀ ሰላሙ ላይ ፀሐይ ያስመቱት ነበር። መጽሐፉ የሚነበበው በዓመት አንዴ፣ በሰሙነ ሕማማት ብቻ ነው፤ ሌላውን ጊዜ በማኅደሩ ተከቶ ዕቃ ቤት ይሰቀላል። ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው የጻፉት ሟቹ ባላቸው መሪጌታ ቢሰውር ናቸው። ዓይናቸው የደከመውም በእሱ ነው። እሳቸው ሲሞቱ አመተ ሥላሴ ቆብ ደፉ፤ ከመጽሐፉና ከአንድ ልጃቸው ከአራጋው በቀር የቀራቸው አልነበረም።

አራጋውን ደግሞ ባለፈው ጥር ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም መርዶም አልመጣ።

በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ተክለ ሚካኤል መጽሐፉን አላወጡላቸውም።

«የለም እማሆይ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «ካድሬዎቹ ወሰዱት።»

«መቼ?»

«ኅዳር ላይ።»

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ብዬ ልንገርዎ? ዘመኑን ያውቁት የለ።»

እማሆይ ዘመኑን ያውቁታል። ቢሆንም መቋሚያቸውን ያዙና ቁልቁል ወደ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወረዱ። እዚያ የተቀመጠው ካድሬ አዝመራው የሚባል የፍላቂት ከተማ ልጅ ነው፤ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ።

«መጽሐፌን መልሱ» አሉት ቆመው።

አዝመራው ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም።

«እማሆይ፣ ይሄንን መጽሐፍ ማንም አልነጠቀም። ቄሱ ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው ከእኔ በፊት ለነበረው ሰው ሰጡት። እሱም ሲዛወር ይዞት ሄደ። የት እንዳደረሰው አላውቅም።»

«ምን ብለው ይሰጡታል?»

«ልጃቸው ምስጋኑ ከዘማቾቹ ጋር ተጽፎ ነበር። ተሰረዘላቸው።»

«ተሰረዘና?»

«ኮታ ነው እማሆይ። ከጎጡ የተጠየቀው ሰው አይጎድልም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።»

«ማን ገባ?»

«አራጋው ቢሰውር።»

እማሆይ ዳገቱን እንዴት እንደወጡት አያውቁትም። እንባ እንኳ አልመጣላቸውም፤ ንዴቱ አድርቆት ነበር። ቄሱን ረገሙ፤ ካድሬውን ረገሙ። ቤታቸው ሲደርሱ የሞተ ባላቸውን ሳይቀር ተቆጡ። «ምነው ባልጻፍከው! ባትጽፈው ቄሱ ምን ይዞ ይሄድ ነበር?»

ሕማማት ገባ። ካህናቱ ከሌላ ደብር የተዋሱት መጽሐፍ አይጥ የበላው፣ ቅጠሉ የጎደለ ነበር። ሰዉ ሰግዶ ቀና ሲል ንባቡ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ዲያቆኑ ይገለባብጥና ከሌላ ቦታ ይቀጥላል። ሕዝቡ «ካድሬዎቹ ናቸው» እያለ ያጉረመርማል። እማሆይ በሴቶቹ በኩል ቆመው ይሄን ይሰማሉ፤ በሰሙ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

ዓርብ ስቅለት ስግደቱ አልቆ ጥብጠባው ደረሰ። ቄሰ ገበዙ የወይራ ቅጠል ይዘው በራፉ ላይ ቆሙ፤ ሰዉ በተራ እየቀረበ ኃጢአቱን ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ጀርባውን ጠብ ጠብ አድርገው ስግደት ያዝዙታል። የእማሆይ ተራ ደረሰ።

«ይንገሩኝ እማሆይ» አሉ ቄሱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የእኔ ኃጢአት ቁጣ ነው» አሉ እማሆይ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እንደ እሳት እየበላኝ ነው። የእርስዎስ?»

ከኋላ ተራ የሚጠብቀው ሰው ቀረብ አለ።

«እማሆይ፣ በኋላ ከቤት እንነጋገር።»

«መጽሐፉ የቤትዎ አልነበረም፤ የዚህ ሕዝብ ነው። ለእሱ ይንገሩት። ወይስ እኔ ልንገረው?»

ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ምስጋኑ ከወንዶቹ መሐል፣ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል።

«መጽሐፉን ካድሬዎቹ አልወሰዱትም» አሉ። «እኔ ነኝ የሰጠሁ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነበር። መጽሐፍ ዳግመኛ ይጻፋል፣ ልጅ ግን ዳግመኛ አይጻፍም አልኩ። በእሱ ፈንታ ማን እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቁም ወይስ ያውቁ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

አንዲት ሴት «ወይኔ አራጋው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ቄሱ ተንበረከኩና ወይራውን በሁለት እጃቸው ለእማሆይ ዘረጉ።

«ይምቱኝ እማሆይ። በሰው ፊት ይምቱኝ።»

እማሆይ እጃቸውን ከነጠላቸው አላወጡም።

«ብመታዎት ይቀልልዎታል» አሉና በራፉን ለቀው ወረዱ።

ከፋሲካ በኋላ ተክለ ሚካኤል የቄሰ ገበዝነቱን ሹመት በፈቃዳቸው ለቀቁ። መጽሐፉ አልተመለሰም፤ ከአራጋውም ወሬ አልመጣ። ሰኔ ሲገባ ምስጋኑ ማንም ሳይልከው ጥማድ በሬ ነድቶ መጣና የእማሆይን መሬት ለገብስ ያርስ ጀመር። እማሆይ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ጅራፉ ሲጮህ እየሰሙ፣ እስኪጨርስ ድረስ አዩት። ሲጨርስ መጥቶ ከፊታቸው እጅ ነሣ።

አልመረቁትም። ነገም አትምጣ አላሉትም።