የፊልሙ ጫፍ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሰማንያ ቀን ዘነበ። ቱቦው ገንፍሎ ውኃው ቤት ገባ። ሳሙና ፋብሪካው ተዘጋ። ከግቢያችን አምስት ሰው ታመመ፤ ሁለቱ አልተነሡም። ልጆች ጠረጴዛ ላይ ይተኙ ነበር። እኔ የብረት በር በያጅ ነኝ። መብራት ስለጠፋ ሁለት ወር ሙሉ አንድ በር አልሠራሁም። አልጋዬን ሸጥኩ። ካሜራዬን አልሸጥኩም።

ሰፈራችን ክፉ ስም አለው። የተሰጣ ልብስ ከነገመዱ ይሄዳል። ማታ የቆመ መኪና ጠዋት ያለጎማ ይገኛል። እኔ ግን ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አርባ ዓመት ዞሬበታለሁ፤ የነካኝ የለም። አንድ ቀን የሌላ ሰፈር ልጆች ከበቡኝ። ያኔ መንገዱን ሁሉ ያስጨንቅ የነበረው ጎረምሳ፣ ምላጭ የሚሉት፣ መጣና፣ "እሱን ተዉት፤ እናቴን ፎቶ ያነሣት እሱ ነው" አላቸው። ተዉኝ። የምኖረው በብየዳ ነው፤ ለፎቶ ከማንም ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም። በካሜራዬ ድምፅ ስም አውጥተውልኝ "ጋሽ ቀጭ" ይሉኛል።

ከቤቴ በር ፊት ለፊት አናጢው ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። እሷ ልብስ አጣቢ ናት። በራቸውን የሠራነው ሁለታችን ነን፤ መቃኑን እሱ ከእንጨት፣ መዝጊያውን እኔ ከብረት። ካሜራዬን ፊልም የማጎርሰው ሁልጊዜ ደጃፌ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ካሜራው ፊልም ሲጎርስ ጫፉን ብርሃን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሁለት ሦስቴ በባዶ ተኩሶ ማሳለፍ ያስፈልጋል። እኔም ካሜራውን ከጉልበቴ ሳላነሣ፣ በመነጽሩ ሳላይ፣ ፊት ለፊት ወዳለው በር አዙሬ ቀጭ፣ ቀጭ አደርጋለሁ።

አናጢው ደጃፉ ላይ እንጨት እየላገ ይቀልድብኝ ነበር።

"ጋሽ ቀጭ፣ ጥይት ታባክናለህ!"

"ማሟሻ ነው። ሥራህን ሥራ።"

"ማሟሻህ እኔ ነኛ! በል ግንባሬን አትሳት።"

በዚያ ክረምት ሳንባውን ታመመ። ሚስቱ የሦስት ወር ሴት ልጇን አዝላ መጣች።

"ጋሼ፣ ነገ ሆስፒታል ይገባል። አንድ ፎቶ የለውም። ስንጋባ እንኳ አልተነሣንም። ይቺ ልጅ አባቷን የምታይበት ነገር ይኑራት።"

"ሙሉ ፊልም አነሣችኋለሁ" አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ግቢው ሰማ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወንበር አውጥተው በሩ ፊት አስቀመጡት። ካፊያው ስላልተወ ፊልሙን ያጎረስኩት ቤት ውስጥ፣ ተጣድፌ ነው። ግቢው በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። ለብቻው አነሣሁት። ከሚስቱ ጋር አነሣሁት። ልጅቷን አስታቅፌ አነሣሁት። ሠላሳ ስድስት አልኩ። ፊልሙ ማለቅ ነበረበት፤ ማጠንጠኛው ግን ሳይከብደው ሄደልኝ። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ስምንት። በግራ በኩል ያለችውን መጠቅለያ አየኋት። ፊልም ሲያልፍ የምትዞረው እሷ ናት። አትዞርም። የፊልሙ ቀዳዳ ጥርሱ ላይ አልያዘም ነበር። አንድም አላነሣሁም።

ሰውዬው ገና ወንበሩ ላይ ነው። ፊልሙም ገና አልተነካም። "ተሳስቻለሁ፣ አንዴ ጠብቁኝ" ብዬ እንደገና ማጉረስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ምላጭ ከሰው መሀል ጮኸ። "ጋሽ ቀጭ፣ ጨረስክ ወይስ ይሄም ማሟሻ ነው?"

ሳቁ። እኔ ፎቶ ተበላሽቶብኝ የማላውቅ ሰው ነኝ።

"ጨረስኩ" አልኩ። አልበቃኝም፤ "አንዷም አትበላሽም" ብዬ ጨመርኩ።

ጠዋት በአንድ ሰበብ ቤቱ ገብቼ አነሣዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጎህ ሲቀድ ወሰዱት። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ፎቶውን ስትጠይቀኝ፣ "ፎቶ ቤቱ አበላሸው" አልኳት።

ያን ጊዜ ፊልሜን የሚያጥብልኝ ባለፎቶ ቤት ዋናው መንገድ ላይ ነበር። ሄዳ ደጁ ላይ ቆማ ስድብ አወረደችበት። "እመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ፊልም አልመጣልኝም" ቢላት፣ "ደግሞ ውሸታም!" አለችው። በሌላ ሳምንት ፊልም ይዤለት ስሄድ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ፊልሜን ተቀበለኝ። እኔም እውነቱን ሳልነግረው ወጣሁ። እሷ ግን ሱቁ ጋ ስትደርስ መንገድ ትሻገር ጀመር። ሃያ ስድስት ዓመት ተሻገረች።

ከዚያ በኋላ ፊልም ማጠቡንም ማተሙንም ራሴ ተማርኩ። የፎቶ ማጉያውን ከብረት ቁራጭና ከዱቄት ወተት ጣሳ ራሴ በየድኩት፤ ዛሬም ይሠራል። ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው ነኝ፤ ግን የዚህን ሰፈር ፊት እንደኔ የሚያውቅ የለም። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የታሰረውና የተወጋው ነው። እኔ ያነሣሁት የቆመውን ነው፤ ተሸካሚውን ከነሸክሙ፣ ጫማ ሰፊውን፣ ምላጭን የልጁን ፀጉር ሲያበጥር። በግቢያችን ፎቶዬ ያልተሰቀለበት ቤት አልነበረም፤ ከአንዱ በቀር። እሱም በሬን በከፈትኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነው።

ዘንድሮ አንድ ጠዋት የአናጢው ሚስት አንሶላ ትጠመዝዛለች፤ እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትስቅብኝ።"

"መቼ ስቄ አውቃለሁ?"

"እሱስ እውነት ነው።" መጠምዘዟን አላቆመችም። "ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ አለ፣ ሳሉ አለ። ፊቱን ስፈልገው ግን የወንድሙ ፊት ይመጣብኛል። ልጄ ምን ይመስል ነበር ስትለኝ እቀባጥራለሁ። ያ ባለፎቶ ቤት፣ እጁ ይሰበር!"

"ሰውዬው ሞቷል እኮ።"

"ቢሞትም!"

ገብታ በሩን ዘጋችው። ማጠፊያው ጮኸ። ቀና ብዬ በሩን አየሁት። እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ካሜራው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። ያኔ ገባኝ። በዚያ በር ላይ ስንት ጊዜ ተኩሻለሁ?

በያጅ ቁራጭ አይጥልም። የድሮ ኔጋቲቮቼ በብስኩት ጣሳ ውስጥ አሉ። ፎቶ ቤት ግን የተቃጠለውን የፊልም ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፤ ማንም ስለማይፈልገው። ያ ሰውዬ አልጣለም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን "ቁራጭ እንዳይጣልብኝ" ብዬው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ሳይረሳ ጫፉን ከነቃጠሎው ጠቅልሎ መለሰልኝ። እሷ ከሰደበችው በኋላም።

ሦስት ቀን ሙሉ ጫፍ ጫፉን መስኮት ላይ እየለጠፍኩ አየሁ። ብዙው በር ብቻ ነው። ድመት አለ። የታጠበ ልብስ አለ። አሥራ አራቱ ላይ አናጢው አለ።

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ አተምኳቸው። የሁሉም ግማሹ ተቃጥሎ ነጭ ነው፤ በቀረው ግማሽ ላይ እሱ አለ፣ ጤነኛ፣ ሳይዘጋጅ። በአንዱ ይልጋል። በአንዱ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። በአንዱ ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያየኛል። በመጨረሻው የተወለደች ሰሞን ልጁን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዟታል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያይ አናጢ ከራስዋ እስከ እግርዋ ያያታል። እንዲህ ያለ ፎቶ በመነጽር እያየሁ አንስቼ አላውቅም።

ዝም ብዬ ብሰጣት ትመርቀኝ ነበር። እሑድ ጠብቄ፣ ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ሲኖር ወጣሁ። አሁን አውቶቡስ ነጂ የሆነችው ልጅዋም ነበረች። በአንድ እጄ ፎቶዎቹን፣ በሌላው ያቺን ያልተነካች ፊልም ይዣለሁ።

"ስሙኝ" አልኩ። "ባለፎቶ ቤቱ ምንም አላበላሸም። ፊልሙ አልያዘልኝም ነበር። እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። እንዳትስቁብኝ ብዬ ዋሸሁ። ፊልሙ ይኸው።"

አጣቢዋ እጅዋን በቀሚሷ ጠረገች። "ሃያ ስድስት ዓመት" አለች። "ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ምስኪን አስረገምከኝ?"

"አዎ።"

"መንገድ ስሻገር እያየህ?"

"እያየሁ።"

"መኪና ቢገጨኝስ፣ አንተ ሽማግሌ!"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። ፎቶዎቹን ሰጠኋት። አንድ በአንድ አየች። ልጁን እንደ ጣውላ የሚያይበት ፎቶ ላይ ስትደርስ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለች። ልጅዋ በትከሻዋ በኩል አጎንብሳ አየችና እጅዋን ወደ ጆሮዋ ወሰደች።

"እማ፣ ይሄ ጆሮ የኔ ነው።"

"የሱ ነው" አለች እናቷ። "እሱ ነው። ወንድሙ አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው።"

አሁን መላጣ የሆነው ምላጭ ተጠግቶ አየ። "ለካ ዋናው ማሟሻው ኖሯል" አለ። እሱም አልሳቀም።

እሷ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ "የባለፎቶ ቤቱ ዘመድ አለ?" አለችኝ።

"ሴት ልጁ እዚያው ሱቅ ጫማ ትሸጣለች።"

"ነገ እንሄዳለን። የምትናገረው አንተ ነህ።"

በማግስቱ ሄድን። ሱቁ ጋ ስንደርስ መንገድ አልተሻገረችም፤ ቀድማኝ ገባች። እኔ በደንበኞቹ ፊት የሠራሁትን ተናገርኩ። የባለፎቶ ቤቱ ልጅ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አባቴ ይሄን ነገር እስኪሞት ያነሣው ነበር" አለች። "ከአንዲት ሴት በቀር ውሸታም ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም።"

"ያቺ እኔ ነኝ" አለች አጣቢዋ። "ውሸታሙ ደግሞ ይኸውልሽ።"

የጣውላውን ፎቶ አሳየናት። ጫፉን ማን እንዳተረፈው ነገርኳት። ብዙ አየችውና፣ "አንድ አትምልኝ፤ እሱ ያተረፈው ነው" አለች። አትሜ ሰጠኋት፤ ዛሬ ከጫማዎቹ በላይ ተሰቅሏል።

በኛ ግቢ ያለውን ደግሞ እኔ ራሴ ሰቀልኩት፤ ሁለታችን ከሠራነው በር ውስጥ በስተቀኝ፣ አናጢው ካስቀረው ሚስማር በአንዱ። አሁን በሬን ስከፍት እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይታየኛል። በግቢያችን ፎቶዬ የሌለበት ቤት የለም።