ደጃፍ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?

፩

«ይሰረዝ። ከጠፋ ዓመታት ያለፈው የወሬ መድረክ ነው። ታዋቂነቱን የሚያሳይ የውጭ ምንጭ የለም።»
— ኪሩቤል፣ አርታኢ

፪

ኧረ ወዲያ! የወሬ መድረክ?

፫

ልጁን ከመራገሜ በፊት ለእናንተ ለአንባቢዎቹ ላስረዳ። ዘሀራ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። ደጃፍ የሚባል የኢንተርኔት መድረክ ነበረን። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት የነበራቸው ጋሽ እንድሪስ ከፈቱት፣ እኔ በረኛ ሆንኩ። በረኛ ማለት ተሳዳቢ የምታባርር፣ አዲስ ሰው ሲመጣ «ግባ፣ የማን ልጅ ነህ?» የምትል ማለት ነው። ጅዳ ያለው፣ ቤሩት ያለችው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራው፣ ኮምቦልቻ ሆኖ ሥራ የፈታው፣ ሁሉም ትንሽ ጊዜ ካገኘ ደጃፍ ላይ ነው። ስናወራ፣ ስንኳረፍ፣ ስንታረቅ ኖርን። ጋሽ እንድሪስ ሲሞቱ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ደጃፍ ራሱ ጠፋ።

በቅርቡ ማንም ሰው በሚጽፍበት፣ እንደ ኪሩቤል ያሉ አርታኢዎች በሚጠብቁት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ «ደጃፍ» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ለኩራት አይደለም ልላችሁ ነበር። ለኩራትም ነው፣ ምን ይደበቃል! ግን ያስጻፈችኝ ሎሚ ናት።

፬

ሎሚ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ «እናቴ ሞተች። ማዳሜ አትሄጂም አለችኝ» ብላ ጻፈች። ምን ይባላል? ያኔ ከጋሽ እንድሪስ መልእክት መጣ፦

እንድሪስ፦



እንዲሁ ባዶውን። ኔትወርክ የበላባቸው መስሎኝ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ መልእክትዎ ባዶ ሆኖ መጣ እኮ።»

«ባዶ አይደለም። ተቀምጫለሁ።»

«የት?»

«ለቅሶ ቤት ነዋ! ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ይለፈልፋል? ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። አንቺም ግቢና ተቀመጪ።»

ገባሁ። ሰው ሁሉ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ስም ብቻ፣ ከስሙ ሥር ባዶ። አንዱ ችኩል «አብሽሪ» ብሎ ቢጽፍ አጠፋሁበት። በሦስተኛው ቀን ሎሚ «አላህ ይስጥልኝ፣ ቤቴ ሞልቶ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ የማንም ሰው ቢሞት የደጃፍ ልጅ ለቅሶ የሚደርሰው እንዲህ ሆነ።

ሎሚ አሁን ደሴ ገብታለች። «ዘሁ፣ የእናቴ ለቅሶ የተቀመጠው እዚያ ነው» አለችኝ። «ሌላ ቦታ ሰው አልተቀመጠልኝም። ስሙን እንኳ የሆነ ቦታ ተጽፎ ልየው።»

፭

(ከስረዛው ውይይት የተገለበጠ። አንድ ቃል አልጨመርኩም።)

ኪሩቤል፦ ስለ ደጃፍ የጻፈ ጋዜጣ አለ?

ዘሀራ፦ የለም።

ኪሩቤል፦ መጽሐፍ? የሬዲዮ ፕሮግራም?

ዘሀራ፦ ወንድሜ፣ ጋዜጠኛ በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። እኛም ና ብለን አልለመንንም።

ኪሩቤል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስለ ራስ መመስከር አይቻልም። የውጭ ሰው ያስፈልጋል።

ዘሀራ፦ የውጭ ሰው ለቅሶ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?

፮

ስልኬ ውስጥ ላሉት የደጃፍ ልጆች ሁሉ ላኩ፦ «ደጃፍ ሊሰረዝ ነው። ውይይቱ ላይ ድረሱልኝ።» እነሱ ምላስ አላቸው፤ ያን ልጅ መግቢያ ያሳጡታል ብዬ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። መጡ።

ሙሄ፦


ትብለጥ፦


ከማል፦


አስናቀች፦


አንድ ቃል እንኳ! ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። ለክርክር ብጠራቸው ለቅሶ ደረሱ! እናንተዬ፣ ተናገሩ እንጂ!

ከዚያ ስሞቹን ደግሜ አየኋቸው፤ እየጨመሩ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ተበትነን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሥርዓቱን አንድም ሰው አልሳተም። ንዴቴ በረደ። ኮራሁባቸው፣ ወላሂ፣ አገር ያወቀው ሰው የወለድኩ ያህል ኮራሁ።

፯

ኪሩቤል፦ ባዶ አስተያየት አይቆጠርም። ቀልድ ከሆነ እባካችሁ አቁሙ።

ሎሚ፦ ቀልድ አይደለም፣ ወንድም ኪሩቤል። እናቴ ስትሞት እንዲህ ነው የተቀመጡልኝ። ፊቷን አላየሁም፣ መቃብሯ ላይ አልቆምኩም። የነበረኝ ይሄ ብቻ ነው። አንተ ምስክር አምጡ ትላለህ፤ እኔ አለሁ።

ኪሩቤል፦ ነፍስ ይማር። እርስዎ ግን የውስጥ ሰው ነዎት። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።

፰

ተሰረዘ።

፱

ሎሚ እኔ ቤት መጥታ አብረን ከፈትነው። «በዚህ ርዕስ የተጻፈ ነገር የለም» ይላል። እኔ እርግማኔን ጀመርኩ። ሎሚ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ እስቲ። ውይይቱም ተሰርዟል?»

አልተሰረዘም። ለካ ጽሑፉ ሲሰረዝ ክርክሩ ይቀመጣል! ተዘግቶ፣ ከአርታኢዎቹ በቀር ማንም እንዳይነካው ተደርጎ ይቀመጣል። ሎሚ ስሞቹን በጣቷ እየነካች ወረደች። «ሙሄ ለእናቴም መጥቶ ነበር። ትብለጥም።» መጨረሻው ላይ፣ ከፍርዱ በታች፣ ጣቷ ቆመ።

ኪሩቤል፦



«ምን ሊል ነበር ይሄ ደግሞ? ጀምሮ ረሳው እንዴ?» አልኩ።

«ተቀምጦ ነው እንጂ!» አለች ሎሚ። እያለቀሰች ትስቃለች። «የውጭ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል ብለሽው አልነበር? ይኸው መጣ።»

፲

እናንተም እስከዚህ ገብታችኋል። እኔ ዛሬም በረኛ ነኝ፤ የማን ልጅ ናችሁ? ስማችሁን ጻፉ። ከሥሩ ምንም አትጨምሩ።

____________፦