አስቸኳይ የሚለው ማህተም

አለቃችንን «አጣዳፊ» ብለን ስም ያወጣንለት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ መዝገብ ቤታችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ፣ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ መጠየቂያ እንኳ ሳይቀር፣ በእሱ ትእዛዝ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማህተም ያርፍበታል። መቺዋ እኔ ነኝ። ሁሉም አስቸኳይ ሲሆን የትኛው ይቅደም? አለቃችን ግራ ሲገባው «እጅግ አስቸኳይ» የሚል ሌላ ማህተም አስቀረጸ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኛ ምሳችንን ቆመን እየበላን ስናፈስና ስንለቅም እንውላለን።

ሦስት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ወጥቼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን እናቴ ዓይኗን በቀዶ ሕክምና ልትታከም ነው። ሞራ ጋርዷት ስድስት ዓመት ሙሉ መልኬን አላየችም።

«ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ይሁን» አለችኝ።

ፋሻው የሚነሳው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሦስት ጊዜ የፈቃድ ማመልከቻ አስገባሁ፤ አለቃችን ሦስቱንም ከወረቀት ክምሩ ሥር ሸጎጣቸው። ረቡዕ ዕለት ደሜ ፈላ።

«ጌታዬ፣ እናቴ እኮ ናት!»

«እናት ሁላችንም አለን። ወደ ሥራሽ!»

ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ሥራዬ ማህተም መምታት አይደል? አራተኛ ማመልከቻ ጻፍኩና ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሁለቱንም ማህተም አከታትዬ መታሁበት። ከክምሩ አናት ላይ አድርጌ ፊቱ ቆምኩ። አለቃችን እጅግ አስቸኳይ የሆነ ነገር አንብቦ አያውቅም፤ ጊዜ የለውማ! ስልክ እያወራ ፈረመ።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ቀስ ብሎ አነሳው። እናቴ ዓይኗን አርገበገበች፤ ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ሳላይሽ እንዲህ ሸበትሽ?»

ጸጉሬን ለማን እንዳሸበትኩት አስቤ አለቀስኩ፤ ከማዘኔ መናደዴ ይበልጥ ነበር። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። የደወለው አጣዳፊ ነው።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው የቀረሽው?»

«እርስዎ ነዎት። ፊርማዎ ማህደሬ ውስጥ አለ።»

«እኔ? አሁኑኑ ነይ! አስቸኳይ ነው!»

ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«የኔ ጌታ» አለችው ረጋ ብላ፣ «ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። አይቼ ስጠግብ እልክልዎታለሁ።»

ከዚያ ማንም ሳያሳያት፣ ስልኩን የሚዘጋውን ቀይ ምልክት ራሷ አይታ ተጫነችው።