የሰባተኛው ጋን ሳኬ

ጎምዛዛ ነው ብለው ሁሉም ፈርደውበታል፣ እኔ ግን ገና አልቀመስኩትም፣ እኔ ሳልቀምሰው ደግሞ በዚህ በጃፓን፣ በሂሚ ከተማ፣ ተበላሸ የተባለ የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬ፣ የለም፣ ጉራ አይደለም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሳኬ ሳሞቅ ቴርሞሜትር ገዝቼ አላውቅም፣ የማሞቂያ ጣሳዬን ቂጥ በትንሿ ጣቴ ነካ አደርጋለሁ፣ በቃ፣ ጣቴ ታውቃለች። የጠመቃ ቤቱ ልጅ ኮሱኬ ከፊቴ ተቀምጧል፣ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አንቆታል፣ እትዬ ቺዙሩ አይድከሙ፣ ቀትር ላይ የኮምጣጤ ፋብሪካው ቦቴ መጥቶ ጋኑን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፣ እኔ የመጣሁት ሳልነግርዎት ቀርቼ እንዳይቀየሙኝ ነው ይለኛል።

ሰባተኛው ጋን። ጥንስሱ ሲፈላ አባቱ ኢዋዎ ሆስፒታል ነበር፣ በጥር አረፈ፣ አሁን የካቲት ነው፣ የሽማግሌው የመጨረሻ ሳኬ ነው ብሎ አገር ይጠብቃል፣ ዓሣ አጫራቹ ሳይቀር ሦስት ጠርሙስ አስይዟል። ይኼ ልጅ ደግሞ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ መጥቶ ያነብልኛል፣ የአሲድ መጠኑ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ በመገኘቱ ለገበያ ማቅረቡ አይመከርም። አይመከርም ይበሉ። ወረቀት ምላስ አለው እንዴ።

ለሳኬው ማጣጣሚያ ምን እንደማቀርብለት ከትናንት ጀምሬ አውቃለሁ፣ ጠፍጣፋው ነጭ ዓሣ፣ ጥሬውን፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ትንሽ ጨው፣ ሌላ ምንም። የኢዋዎ ሳኬ እኮ እንግድነት ያውቃል፣ ይገባል፣ ያጫውታል፣ ሳትሸኘው ተነስቶ ይሄዳል፣ አፍ ውስጥ ዕቃውን ረስቶ የሚሄድ አይደለም። ቀዝቃዛውን ነጯ ስኒ ውስጥ እቀዳለሁ፣ ታቿ ላይ የተሣሉት ሰማያዊ ክቦች ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ቀለሙ ወደ ወርቅ አድልቷል፣ ችግር የለም፣ አሸታለሁ፣ ሩዝ፣ እርጎ፣ ከሥር ደግሞ የሆነ ነገር፣ ምንድነው እሱ፣ እጎነጫለሁ።

ኧረ።

ጉንጬን ከውስጥ ይቆነጥጠኛል። ቶሎ ዓሣውን አስከትላለሁ፣ ባሰ፣ ያ የዋህ ዓሣ የወደብ ገመድ ሸተተኝ። ኮሱኬ ፊቴን እያነበበ ነው፣ አላልኩዎትም እትዬ ይላል፣ ዝም በል እላለሁ፣ አፌ ሥራ ላይ ነው። ተሳስቻለሁ። ይኼን ቃል በዓመት አንዴ ነው የምጠቀምበት፣ የዘንድሮውን ገና በየካቲት ጨረስኩት። ግን የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው፣ ዓሣው ደህና ነው፣ ትናንት የተያዘ ነው፣ ሳኬውም ቆሻሻ የለበትም፣ ብልሽት ብልሽት አይልም፣ ጉልበተኛ ነው እንጂ ሕመምተኛ አይደለም፣ እንደገና እቀምሳለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ምላሴ ጎን ላይ አቆየዋለሁ።

ሙቀት ነው። ይኼ ጥንስስ አንድ ሌሊት ሞቆት አድሯል። ኢዋዎ ደግሞ ጥንስስ ሞቆት እያየ የሚተኛ ሰው አልነበረም፣ ነርሶቹ ቢይዙት እንኳ የሚያስጠብቀውን ያውቃል፣ በረዶ በከረጢት አቅፎ ከጋን ጎን የሚያድር ሰው፣ ሚስቱ እኔን እንዲህ አቅፎኝ አያውቅም ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማር። እዚህ ስኒ ውስጥ የኢዋዎ እጅ የለም። የለም። የመጨረሻውን እቀምሳለሁ ብዬ እኮ ነበር፣ ከማለዳ ጀምሮ ሻይ እንኳ ያልጠጣሁት፣ ምላሴን ለእሱ ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው፣ ለካ የመጨረሻው የአምናው ኖሯል፣ የአምናውን ደግሞ ከኑድል ጋር ጠጣሁት፣ የሱሞ ትግል እያየሁ፣ ማን እንደጣለ ማን እንደወደቀ አስታውሳለሁ፣ የሳኬውን ጣዕም ግን አላስታውስም። ሰውዬው ናፈቀኝ። እንዲህ በቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ልጁ ፊት፣ ናፈቀኝ።

ሥራ። ሥራ ይቅደም። ጎምዛዛን የሚያባብለው እሳት ነው፣ ቀጥሎ ስብ። ሳኬውን ቀድቼ ማሞቂያ ጣሳውን ፍል ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ጣቴ ከሥር፣ ገና፣ ገና፣ ጣቴ እምቢ ስትል፣ አሁን፣ ይውጣና ጥቂት ትንፋሽ ይውሰድ። ከምን ጋር? ለእንግዳ ያዘጋጀሁት ሁሉ ለሌላ ሳኬ ነው፣ ምድጃው ጥግ ግን ለራሴ ምሳ ያስቀመጥኩት የትናንት ድስት አለ፣ ቡሪ፣ የበረዶ ወር ስቡ ዓሣ፣ ጭንቅላቱ ከነጭ ፍጅል ጋር የተቀቀለ፣ አድሮ የጠቆረ፣ ሶይ ሶሱ ፍጅሉ ልብ ድረስ የገባ፣ መልክ የለውም፣ ለሰው አይቀርብም። እነክሳለሁ። ስቡ ምላሴን ይሸፍነዋል፣ ሙቁን አስከትላለሁ።

ወይኔ ሰውዬ።

ስቡን ጠራርጎ ወሰደው፣ ከኋላ የሩዙ ጣፋጭ ብቅ አለ፣ ደረቴ ሞቀኝ፣ እና ፍጅሉ እንደገና አማረኝ፣ ይኼ ነው እኮ መስማማት ማለት፣ አንዱ ሌላውን ሲያስጠራው። ብላ፣ እላለሁ። አልራበኝም እትዬ። ራበህ ወይ አልኩህ? ብላ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ማኘኩን ያቆማል። ከዚያ ዓይኑን ይሰብራል።

ሞቆት ያደረ ዕለት ከጋኑ ጋር ማን ነበር ኮሱኬ?

ስኒውን ወደ ጎን ይገፋል።

አባትህን አውቀዋለሁ፣ ይኼ የሱ አይደለም። እኔ ነበርኩ እትዬ ይላል፣ አባዬ ከተኛ ጀምሮ ጋኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ተረኛውም እኔ፣ ከሆስፒታል ተደወለ፣ ለማንም ሳልናገር ጥዬ ሮጥኩ፣ እስኪነጋ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንዴ ዓይኑን ገለጠና ጋኑ ጋ ማን አለ አለኝ፣ ሰው አለ አልኩት። ማንም አልነበረም። ሲነጋ እሱም የለም፣ ጋኑም ሞቋል። ማንም ሰው በቀመሰው ቁጥር ያቺን ውሸቴን የሚቀምስ ይመስለኛል፣ በአባዬ ስም ይኼን አላጠጣም።

እና ይኼን ለኮምጣጤ ሊሰጥ ነው፣ ከአባቱ ጋር ያደረባትን አንዲት ሌሊት። ላቅፈው እፈልጋለሁ፣ ባንኮኒው መሃላችን ነው፣ ስለዚህ እቆጣዋለሁ። አንተ ደደብ፣ በአባትህ ስም አታጠጣዋ፣ ማን ግድ አለህ፣ ሳኬው ምንም አልሆነም፣ የሚሞቅ ነው፣ የድስት ነው፣ የብርድ ቀን ነው፣ አባትህ በዕድሜው ከዚህ ፍጅል ጋር የሚስማማ ሳኬ ጠምቆ አያውቅም፣ ለራሱም ነግሬዋለሁ፣ ስድስት ወር አኮረፈኝ። ይስቃል፣ ሳቁ መሃል ላይ ይሰበራል፣ በመዳፉ ፊቱን ያብሳል። ሰዉ የአባዬን እየጠበቀ ነው እኮ እትዬ። እኔም ስጠብቅ ነበር እላለሁ፣ የለም፣ ቁርጡን ንገራቸው፣ ያልቅሱ፣ አልቅሰው ሲጨርሱ ድስት ይጣዱ።

ሰዓቱን ያያል። እኔም አያለሁ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ስልኩን ያወጣል፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፣ ሦስተኛው ይጠራል፣ ጌንጂ ነው፣ የጠመቃ ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። ጋሼ ጌንጂ፣ ሾፌሩ ደረሰ እንዴ? ቱቦውን ቀጥሏል? ይንቀለው። ይንቀለው እኮ ነው የምልዎት። አውቃለሁ ጎምዛዛ ነው፣ አውቃለሁ። አይደለም ጋሼ፣ የአባዬ አይደለም። ድስቱን ያያል፣ እኔን አያይም። የኔ ነው። እኔ ነኝ የጠመቅኩት።