ለሽያጭ የቀረበችው ሰማያዊ ብስክሌት

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ጠራዧ» ነበር የሚላት። የታጠፈውን ወረቀት ደርድራ፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብታ፣ መጭመቂያው ውስጥ ስታስገባ እጇን የሚስተካከል አልነበረም። ችግሩ መቀመጫዋ ነው። ቁጭ ባለች በደቂቃው ትነሳለች፤ ተነስታ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፤ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ቃኝታ ትመለሳለች። አለቃዋ ትዕግስቱ ሲያልቅ «አንቺ ሰው፣ ወንበሩ ይቆነጥጥሻል እንዴ?» ይላታል። እሷም ትስቅለትና ትቀመጣለች፤ ብዙም ሳትቆይ ደግሞ ብድግ።

ይህ አመል የጀመራት ታላቅ ወንድሟ ቤቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ ነው። አባታቸው በያጅ ነው፤ ወርክሾፑም ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ። ልጁ ሙያውን ከአባቱ እግር ስር ሆኖ ተማረ እንጂ ልቡ አልገባበትም። አባትየው «ነገ የአንተ ነው» ሲለው ልጁ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገር ተነሳ። «አባዬ፣ ከዚህ ብልጭታ ውጪ ዓለም የለም እንዴ?» አለ። አባትየውም በንዴት «ካለ ሂድና ፈልገዋ!» አለው። ልጁ እጁን እንኳን ሳይታጠብ ሰማያዊ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። ማታ ይመለሳል ተብሎ ራቱ ተከድኖ ተቀመጠለት። በነጋታውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁም ዱካውም ጠፋ።

አባትየው ከዚያ ወዲህ የልጁን ነገር በአፉ አላነሳም። እንግዳ ሲጠይቀው «ደህና ነው» ይልና ወሬ ይቀይራል። ጠራዧን ግን ነገሩ አላስቀምጥ አላስቆም አላት። አሮጌ ብስክሌት ገዛችና በእረፍት ቀኗ ሁሉ የከተማውን ዳርቻ ማሰስ ጀመረች፤ የሚያልፍ ብስክሌተኛ ሁሉ ወንድሟ ይመስላታል። እያደር ፍለጋው ወደ ልማድ ተለወጠ። መንዳት የለመደ እግር ቤት ሲውል ያሳክከዋል፤ ስለዚህ በስልክ ከተሰባሰቡ የብስክሌት ወዳጆች ግሩፕ ውስጥ ገባች።

ግሩፑ ጫጫታ አያጣውም። አንዱ የታጠበች ብስክሌቱን ፎቶ ይለጥፋል፤ ሌላው እሑድ የወጣውን ዳገት እያጋነነ ያወራል፤ ጎማ የፈነዳበት ይማረራል። ሁሉንም ዝም የሚያሰኙት ጡረታ የወጡት ፋርማሲስት ናቸው። የመጀመሪያ ምክራቸውም የመጨረሻ ምክራቸውም ፍሬን ስለሆነ «ጋሽ ፍሬን» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። «የማትቆም ነገር ላይ አትውጣ!» ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከራቸው የለም።

አንድ ሰሞን አንድ የሒሳብ መምህር ግሩፑን ተቀላቀለና «የመጀመሪያ ብስክሌቴን ልገዛ ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ» ብሎ ጻፈ። ምነው ባልጻፈ! ምክሩ እንደ ዶፍ ወረደበት። ቀላል ግዛ፣ ጠንካራ ግዛ፣ ማርሿ የበዛ፣ ማርሿ ያነሰ፣ አዲስ ካልሆነ አትንካ፣ አዲስ የገዛ ሞኝ ነው። ምስኪኑ መምህር ግራ ገብቶት «እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው፤ ይሄ ግን መልስ የለውም» ብሎ ሲጽፍ ሁሉም ሳቀ። በማግስቱ ደግሞ ፎቶ ላከ። «ከኮረብታው ማዶ ባለችው ከተማ አንድ ጎማ ጠጋኝ የሚሸጣት ናት። ምን ትላላችሁ?»

ጋሽ ፍሬን ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ቴላዮው ላይ፣ ማለት ዋናው የብረት አካሏ ላይ፣ ከመቀመጫው ስር ብየዳ ይታየኛል። የተሰበረ አካል ነው። ተዋት፣ ልጄ!»

ጠራዧ መልእክቱን ያየችው ሙጫው እስኪደርቅ ስትጠብቅ ነበር። ፎቶውን በጣቶቿ ከፍታ አጎላችው። ብስክሌቷ ሰማያዊ ናት። ብየዳው ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቶ፣ ጫፉ ላይ ወደ ግራ ትንሽ ታጥፏል። ወንድሟ ከግንብ ጋር ተላትሞ ቴላዮውን የሰበረ ቀን፣ አባቷ እያጉረመረመ ሲበይድ ባትሪ ይዛ ያበራችለት እሷ ናት። አባቷ ሲጨርስ እጁን ወደ ግራ የሚሰብራት ነገር አለችው። ስልኩ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። አለቃዋ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» ሲላት የሰማችው አትመስልም።

ግሩፑ ላይ ምንም ሳትጽፍ ወጥታ ለመምህሩ ደወለች።

«መምህር፣ ያቺን ብስክሌት መቼ ነው የምታያት?»

«እሑድ አስቤ ነበር። ግን ጋሽ ፍሬን ተዋት እኮ አሉኝ።»

«አትተዋት። አብሬህ ልሂድ።»

«እንዴ! ምን አየሽባት?»

«ካየኋት በኋላ እነግርሃለሁ» አለችውና ስልኩን ዘጋች።

መምህሩ ነገሩን ለጋሽ ፍሬን ሹክ ብሎ ኖሯል፤ እሳቸውም «እኔ ሳላያት ገንዘብ አይወጣም» ብለው ሁለተኛ ብስክሌታቸውን አውሰውት አብረው መጡ። እሑድ ጠዋት ሦስቱ ዳገቱን ተያያዙት። መንገዱ በመምህሩ ሳምባ ልክ የተሠራ አልነበረም። ጠራዧ ግን ነዳችው ከማለት በረረችበት ማለት ይቀላል። ትሄድና ትርቃለች፤ ቆማ ትጠብቃለች፤ መጠበቁ አላስችላት ሲል ተመልሳ ትመጣለች። አንዱን ዳገት ሁለት ጊዜ የወጣችው እሷ ብቻ ናት።

ጋሽ ፍሬን መሀል ላይ አስቆሟት። «ነይ እስቲ። የምታባርሪው ነገር ነው ወይስ የሚያባርርሽ?»

ያኔ አፏ ተፈታ። የወንድሟን ነገር፣ የብየዳውን ነገር፣ አባቷ ሳያውቅ መምጣቷን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። መምህሩ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እና... ሰርቀውት... ቢሆንስ?» አለ። ጋሽ ፍሬን በዓይናቸው ገሠጹት። እሷ ግን ያንን አስባ ነበር። ከዚያም የከፋውን አስባለች።

ጎማ ጠጋኙ ሆዱ ቀደም ቀደም ያለ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ሰማያዊዋን ብስክሌት ከግድግዳው ላይ አውርዶ ሰጣቸው። ጠራዧ ጎንበስ ብላ ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። ወደ ግራ የታጠፈችው ጫፍ አለች።

«ከማን ነው የገዛሃት?» አለች።

ሰውየው ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «የውሃ ቦቴው ሹፌር እህት ነሽ እንዴ? ያ አፍንጫ እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ሰው ላይ የለም!»

«በሕይወት አለ?»

«ትናንት ውሃ አራግፎልኝ ሄደ እኮ! ዛሬ ተረኛ አይደለም፤ ከወፍጮው ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ነው ቤቱ።»

ጋሽ ፍሬን ክንዷን ይዘው «አብሬሽ ልምጣ?» አሏት። ብቻዋን መሄድ እንደምትፈልግ በጭንቅላቷ ነገረቻቸው።

አረንጓዴውን በር የከፈተችው ሕፃን ልጅ የታቀፈች ወጣት ሴት ናት። ከኋላዋ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ይታጠባል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ውሃው እየፈሰሰ ነው፤ የዘጋው ግን የለም።

«ማን ነገረሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ብስክሌትህ!» አለችው። ልታቅፈው የመጣች ሴት፣ እጇ ደረቱን መደብደብ ጀመረ። «ሞተሃል ብዬ ነበር! ሰምተሃል? የወደቀ ሰው በተባለ ቁጥር ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞርኩ...»

ወንድሟ ሳይከላከል ቆሞ ተመታ። «ልደውል ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ሲያልፍ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ምን ብዬ ልጀምር? ዝምታው ራሱ ግንብ ሆነብኝ።»

«ብስክሌቷን ለምን ሸጥካት?»

«በር ላይ ቆማ ባየኋት ቁጥር ተነስ ተነስ፣ ሂድ ሂድ ትለኛለች። አሁን ልጅ አለኝ። መቀመጥ ፈለግሁ።»

«አንተ ልትቀመጥ ሸጥካት» አለች ጠራዧ፤ «እኛ ቤት ግን አንተ ከወጣህ ወዲህ የተቀመጠ ሰው የለም።»

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ዘመድ የለኝም ብለኸኝ አልነበር?» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለው ነበር። «እኔ በወሊድ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ስጨነቅ፣ ይህች ልጅ አክስት ነበራት? አያት ነበራት?» እሷ ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። ልጅቷን አምጥታ የጠራዧ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችና «ግቢ፣ እህቴ። ቤቱ ቢያፈስም ቤት ነው» አለቻት።

ገቡ። ተቀመጡ ለማለት ያስቸግራል፤ ጠራዧ ሕፃኗን ይዛ ክፍሉን ስትዞረው፣ ወንድሟም ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ይል ነበር። ሚስትየው ሁለቱን በየተራ እያየች ሳታስበው ሳቀች። «የአንድ እናት ልጆች መሆናችሁን ማንም አይክድም» አለች። ወንድሟ ወደ ቤት እንዲመጣ ስትለምነው ግን እምቢ አለ። «አባዬ በሩን አይከፍትልኝም። ከፍቶ ፊቱን ከሚያዞርብኝ ይቅር።» ስትወጣ የስልክ ቁጥሩን የሰጠቻት ሚስትየው ናት።

ጎማ ጠጋኙ ጋ ስትመለስ ጋሽ ፍሬንን መነጽራቸውን አድርገው ብየዳው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። «በፎቶ ፈርጄበት ነበር፤ ተሳስቻለሁ» አሉ። «ይህች ነገር ብትሰበር ሌላ ቦታ ትሰበራለች እንጂ እዚህ ላይ አትነካም። ፍሬኗ ግን ይቀየር!» መምህሩ ወደ ጠራዧ ዞሮ አመነታ። «የእኔ ናት የምትይ ከሆነ እኔ እተዋታለሁ።» እሷም «ውሰዳት። ቆማ መዋል አትወድም» አለችው። እሱም ገዛት፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ እንደ ልጅ ይጮህ ነበር።

አባትየው ወርክሾፑን ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ቆማ ነገረችው፤ ምንም ሳታስቀር። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት የመበየጃውን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ ጨረሰ። ፈታውና እንደገና ይጠቀልል ጀመር።

«ልጅ አላቸው ነው ያልሽው?»

«ሴት ልጅ። አፍንጫዋ ያው ነው።»

«ራት ይቀርባል?» አለ አባትየው፤ ወደ ቤት ገባ።

ጠራዧ ያን ምላሽ ሰምታ አንጀቷ አረረ። ጠዋት ስትነሳ ግን የአባቷ አልጋ ተነጥፏል፤ ሰውየው የለም። ጎረቤት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሲሳፈር እንዳየው ነገራት። ያ ቀን እንዴት እንደዋለ እሷ ታውቃለች። አንድ መጽሐፍ ገጾቹን ገልብጣ ጠረዘች፤ አለቃዋ ሲያያት ተስፋ ቆርጦ በጊዜ ወደ ቤቷ ሰደዳት።

አባቷ አመሻሽ ላይ ልብሱ ዝገት በዝገት ሆኖ ተመለሰ። በር ላይ ጠበቀችው።

«እህስ?»

«ጣሪያቸው ያፈሳል» አለ።

«ጣሪያውን ተወውና! እሱስ?»

«ከስቷል። ሚስቱ ደህና ሰው ናት።»

«ታረቃችሁ?»

አባትየው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። «ምንም አልተነጋገርንም። ጣሪያው ላይ ስወጣ መሰላሉን ያዘልኝ። ሳልጠይቀው ነው የያዘልኝ።» ሌላኛውን ጫማ አወለቀና «ቆርቆሮው አልበቃም፤ እሑድ ተመልሼ እሄዳለሁ» ሲል ጨመረ።

እሑድ ሄደ። በሚቀጥለውም ሄደ። ጣሪያው ካለቀ በኋላ በሩ አልገጥም አለ፤ በሩ ከገጠመ በኋላ አልጋው መጠገን አለበት ተባለ። ጠራዧም ከግሩፑ ጋር ወደዚያው ዳገት ስትወጣ አልፎ አልፎ አባቷ የተሳፈረበት አውቶቡስ ይቀድማታል፤ በመስኮት እጁን ያውለበልብላታል።

ወንድሟ ቦቴውን ከደጃፋቸው ያቆመው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ሚስቱና ልጁ ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ሻይ ተጠጣ፤ ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ብዙም ሳይቆዩ አባትና ልጅ የወርክሾፑ አሮጌ መበየጃ ይጠገን ወይስ ይጣል በሚል ተያያዙ። ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ወንድሟ «አይ አባዬ፣ አንተ መቼም አትሰማም!» ብሎ ብድግ አለና ቤተሰቡን ጭኖ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ግን መስታወቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«ቅዳሜ መፍቻ ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ።

አባትየው «ማን አባቱ ይነካዋል!» አለ፤ ቦቴው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም።