የሐጂ ኢርሻድ ፎቅ እና አዳዳ ዋሪቱ

ሐጂ ኢርሻድ መቱ ላይ ያንን ባለ እምነበረድ አፓርታማ ሲያቆሙ ያልተወራ ወሬ አልነበረም። አንዱ በክረምት ዝናብ ይሰምጣል አለ። ሌላው ደግሞ ሐጂ መሐንዲሱን «የሶርን ፏፏቴ ካልበለጠ አልከፍልም» ብለውታል ብሎ ማለ። ከኡካ ከተማ ድረስ ሙሽሮች ደጃፉ ላይ ፎቶ ሊነሱ ይመጡ ነበር።

እኔም ትልቅ ሰው ልባል ብዬ የመጨረሻውን ፎቅ ተከራየሁ። ከተማውን ቁልቁል አያለሁ ብዬ ነበር፤ የማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉም ነው። የእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ነዋሪ ኮስተር ማለት ያለበት ስለሚመስለኝ ጎረቤት ሰላም ሳልል ሁለት ዓመት ኖርኩ።

አንድ ቅዳሜ የአባቴ እህት አዳዳ ዋሪቱ ከኖፓ መጡ። ስለ ሕንፃው ታሪክ የማደርግላቸውን ንግግር መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ። ታች ደርሰው ሲደውሉልኝ መብራት ጠፋ፤ ሊፍቱም ቆመ።

«ልውረድና ልደግፍዎት?»

«እግር አለኝ። አንተ አረፍ በል።»

አረፍኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም፤ ስልካቸውም አይነሳም። ደረጃው ላይ ወድቀው ታዩኝና እየሮጥኩ ወረድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ከአንድ ክፍት በር ሳቃቸው ተሰማኝ። የሰው ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ በጎረቤት ተከበው ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት ዱንያ ብቅ አለች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«አክስቴን። እዚሁ ነው የምኖረው፣ ላይኛው ፎቅ።»

«ላይኛው? ባዶ አይደል እንዴ?» ብላ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች።

ፊቴ ጋለ። አዳዳ ደረሱልኝ። «ገመቺስ ልጄ ነው። ከድሮም ዓይን አፋር ነው» አሉ።

ለካ ድካም በያዛቸው ፎቅ ሁሉ በር እያንኳኩ፣ ውሃ እየጠጡ፣ ዘመድ እየጠያየቁ ነው የወጡት። አንደኛ ፎቅ ያለው ጭምዴሳ እንኳ የኖፓ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ክብሬን ለመመለስ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አዳዳ፣ ይህ ሕንፃ ሲሠራ...»

«ቀስ በል፣ ሕፃኑ ተኝቷል!»

ከዚያ ወዲህ ነዋሪው ለእንግዳ የሚያወራው ስለ ሐጂና ስለ ፏፏቴው አይደለም፤ መብራት በጠፋ ቀን በየቤቱ ስለገቡት የኖፓ ሴት ነው። እኔ በታሪኩ ውስጥ በር ላይ የተገተርኩት ሰውዬ ነኝ። አዳዳ አሁን ሲመጡ የሚያድሩት ዱንያ ቤት ነው። እኔንም ለምሳ ይጠሩኛል፤ ስለ ሕንፃው ትንፍሽ ሳልል እበላለሁ።