አሜን ያልኩበት ጸሎት

አሠሪዬን ባ ካፓምብዌን፣ "ባ" እኛ ዘንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ አንቱ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን ግን እሱ እያልኩ ላውራው፤ ቢሰማም ይስማ።

እዚሁ ኪትዌ ከተማ የቱታ ፋብሪካ አለው። የማዕድን ሠራተኞች የሚለብሱትን ቱታ እንሰፋለታለን፤ እንሰፋለት ነበር ልበል፣ እኔስ። ከክር እስከ ዚፕ የማይሰረቅ ነገር አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ግማሹ ሠራተኛ ይታመማል። እሱ ይጮሃል፣ ያባርራል፣ አዲስ ይቀጥራል። አዲሱም ዚፕ ይሰርቃል።

አንድ ክረምት ታዲያ ነፋስ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። ቅዳሜ ሁላችንም ለሥራ ወጣን። ባ ካፓምብዌ ቆርቆሮ ለግሶ ስለነበር ሲመታ ሊያይ መጣ። ፋብሪካው ውስጥ ከተቀመጠችበት ለመነሳት ወገቤን የምትለው ሙዋፔ፣ አሸዋ በራሷ ተሸክማ እየዘመረች ስታልፍ አየ። የወደቀ ሚስማር ሲገኝ ተለቅሞ ሲመለስ አየ። ይሄኛው ይመስለኛል ልቡን የነካው።

"ለእነዚህ ሰዎች ማነው የሚከፍላቸው?" ብሎ ፓስተር ሲካዝዌን ጠየቃቸው።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን አድርጋችኋቸው ነው?"

ፓስተራችን የዋህ ናቸው። ጥላ ስር አስቀምጠው አንድ በአንድ ነገሩት። ሰው እሑድ ከቀረ ቤቱ እንሄዳለን፤ ለምን ቀረህ ለማለት ሳይሆን ምን ሆንክ ለማለት። ባዶ እጃችንን አንሄድም። የነገረንን ጭንቅ ይዘን እንጸልይለታለን። "ሰው ቀረ ብሎ የሚጨነቅለት እንዳለ ካወቀ ራሱ ይመጣል" አሉት። አጠገባቸው ሲሚንቶ እያቦካሁ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። እሱ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "ይሄማ ትልቅ አሠራር ነው" አለ።

ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው ሌላ ሆነ። የክፍል ኃላፊዎቹ እረኞች ተባሉ። ማሽን ከመነሳቱ በፊት መዝሙር ገባ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቀረና የቀረ ሰው ቤት ጠያቂ ይላክ ጀመር፣ ከአንድ ጆንያ የበቆሎ ዱቄት ጋር። አልዋሽም፣ ደስ ብሎን ነበር። ሞምባ የሚባለው ጨርቅ ቆራጭ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ ዱቄቱ ሲገባለት አልቅሷል። የዚፑም ስርቆት ቀነሰ። ዱቄት ተሸክሞ ቤትህ የመጣን ሰው እንዴት ብለህ ትሰርቀዋለህ?

የጠያቂዎቹ አለቃ የካሱባ እናት ሆነች። በሰፈራችን የጸሎት ኅብረት ስንት ዘመን የመራችን እሷ ነች፤ እሱም ይህን ጠይቆ አጣርቶ ነው ከልብስ ቁልፍ መትከያው ክፍል ያነሳት። የሰው ቤት ሁሉ ለእሷ ክፍት ነው። ሐሜት አታውቅም። ግን የሰው ጭንቅ ከሰማች ለጸሎት ካልሰጠችው እንቅልፍ አይወስዳትም። ኅብረታችን የኖረውም በዚሁ ነበር፤ የአንዷን ችግር ለሌሎቻችን ታመጣለች፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ አንዷ እንጨት፣ አንዷ የደረቀ ዓሣ ይዛ ትሄዳለች።

የእኔ ጭንቅ ዓይኔ ነው። ሞራ ጋረደው። የቀኙ ጭራሽ ጠፋ፣ የግራው ደግሞ ሁሉን ነገር በጭስ ውስጥ ያሳየኝ ነበር። ስፌቱን በጣቴ እየዳሰስኩ እሰፋለሁ። ክር ሲበጠስ ሙዋፔ ማንም ሳያይ ጎንበስ ብላ በመርፌው ዓይን ታስገባልኛለች። "ነይ ሙሽሪት፣ ልኩልሽ" ትለኛለች በየጊዜው፤ እኔም እስቃለሁ። የዓይን ሐኪሞች ከፋሲካ በኋላ ከሉሳካ መጥተው ሞራውን እንደሚያወጡልኝ ሆስፒታሉ ነግሮኛል፤ ተራዬ ተይዟል። ከእኔ የሚጠበቀው እስከዚያ ዝም ማለት ብቻ ነበር። ልጄ ቾላ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነች። አባቷ ሞቷል። ያ ወንበር ከሄደ የእሷም ትምህርት አብሮ እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ለምርመራ አንድ ቀን ቀረሁና ወባ ነው ብዬ አስነገርኩ። ከሰዓት በኋላ ደጃችን ላይ መዝሙር ሰማሁ።

የኛ ጠያቂ በር አያንኳኳም። ደጅ ቆሞ ይዘምራል፤ የቤቱ ሰው ሁለተኛውን ስንኝ ከውስጥ ከተቀበለ ግቡ ማለት ነው። የካሱባ እናትን ድምፅ የት አጣዋለሁ? ተቀበልኳት። የፋብሪካው ሹፌር ዱቄቱን አስገብቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። እሷ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ወባሽ እንዴት አደረገሽ?"

"የካሱባ እናት፣ ዛሬ ማን ሆነሽ ነው የመጣሽው? ከቤተ ክርስቲያን ነሽ ከፋብሪካ?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ሁለት ነኝ እንዴ?"

ሳቅን። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሲሚንቶ ላይ ከእኔ ጋር የተኛች ሴት ናት። ለእሷ ያልነገርኩ ለማን ልነግር? ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች።

"አይዞሽ፣ በጸሎት እንይዘዋለን" አለችኝ።

"ለሰው ግን እንዳታወሪ።"

"ለሰው ምን አወራለሁ? ለእግዚአብሔር ነው እንጂ።"

በሚቀጥለው ሰኞ ባ ካፓምብዌ አዲስ ነገር ጨመረ። ከመዝሙሩ በኋላ ራሱ ወጥቶ ለተጠየቁት ሰዎች በየስማቸው እንደሚጸልይ ነገረን። ባርኔጣውን አወለቀ። ለሞምባ እግር ጸለየ። ከዚያ "ብርሃን የሆንክ አምላክ ሆይ" አለ፣ "እህታችንን የቾላን እናት አስባት። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ሌላውም እየጠፋ ነው። በዳሰሳ እየሰፋች ነው ጌታ ሆይ።" ድምፁ ሳግ ያዘው፤ እውነተኛ ሳግ ነበር፣ ይሄን አልነፍገውም። ሙዋፔ ክንዴን ጨመቀችኝ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ልማድ ነው፣ አፌ ቀደመኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ያወጣው ጸሎት ነው።

ከምሳ በፊት ቢሮ ተጠራሁ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ።

"የቾላ እናት፣ እርስዎ እናታችን ነዎት። ግን ቱታው ተቆጥሮ ይመለስብኛል። ስፌቱ ይጣመማል።"

"ከፋሲካ በኋላ እኮ ሞራው ይወጣልኛል፣ ጌታዬ። ተራ ይዣለሁ። ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።"

"እምነትዎ ደስ ይላል።"

"እምነት አይደለም፣ ቀዶ ጥገና ነው።"

ፈገግ አለ።

"ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ታባርራለች?" አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን እፈራለሁ?

ትንሽ አሰበና "ቤተ ክርስቲያን ቱታ አታስረክብም" አለኝ። ከዚያ በሁለት እጁ እጄን ይዞ ባረከኝና አሰናበተኝ። ወንበሬ ላይ በማግስቱ አንዲት ልጅ ተቀመጠች።

በኋላ ሙዋፔ እንደነገረችኝ፣ ባለፋብሪካዎችን ሆቴል ሰብስቦ ከቤተ ክርስቲያን የተማረውን አስተምሯል። እሷ ሻይ እንድትቀዳ ተወስዳ ነበር። ሠራተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ የተደበቀውን ችግር በጊዜ ያወጣል ብሎ የአንዲት ዓይነ ስውር ልብስ ሰፊ ታሪክ ነገራቸው። አጨበጨቡለት አለች።

ፋሲካ አለፈ፣ ሐኪሞቹ መጡ፣ ሞራው ወጣ። አሁን መርፌ ውስጥ ክር አስገቢ ብትሉኝ በመጀመሪያው ሙከራ ነው። ፋብሪካው ደጃፍ ሄጄ ለዘበኛው ይህንኑ ነገርኩት። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

ባለፈው ሳምንት የኅብረታችን ሴቶች ደጄ መጡ። መዝሙሩን አነሱ። ቾላ ልትቀበል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት። ሁለተኛውን ስንኝ ራሳቸው ዘመሩት፣ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ገቡ። የካሱባ እናት ከፊት ነበረች። ፊቷን በደንብ ሳየው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ አርጅታለች። ፋብሪካውን አልለቀቀችም፤ የምታሳድጋቸው ብዙ ናቸው፣ አልፈርድባትም። ይቅር በይኝ ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር፣ ያዝኳት። ይቅር ብያታለሁም። አስቀድሜ ይቅር ብያታለሁ።

"ቾላ ዛሬ ትምህርት የላትም እንዴ?" አለች አንደኛዋ።

"ራሷን አሟት ነው" አልኩ። ቾላ መሬት መሬት አየች። ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች ቆይታ ነበር።

የካሱባ እናት እጄን ያዘች፣ እንደ ድሮው። "ምን ላይ እንጸልይልሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብነግራት ለቾላ የትምህርት ቤት ክፍያ ለምናም ቢሆን ታመጣ ነበር።

"ደህና ነን" አልኳት። "ምንም አልጎደለብንም።"

ደህና ስለሆንን አመስግነው ጸለዩልን። ቾላም ሳትቀር ሁሉም አሜን አሉ። እኔ አላልኩም።